አዲስ ገቢ ነን፤ ልጆቹን እንዴት እናስመዝግብ? የአሜሪካ መንግሥት ትምህርት ቤት ምዝገባ ከሀ እስከ ፐ

አሜሪካ የገባ ቤተሰብ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ግሪን ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ ልጆቹ ቤት ይቆዩ» የሚል ነው። ሌላው «ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ልጅ አይመዘገብም» ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እ.ኤ.አ. ከቴክሳስ በመጣውና «ፕላይለር» እየተባለ በሚጠራው መዝገብ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በኢሚግሬሽን ሁኔታው ምክንያት ልጅን ሊመልሱ እንደማይችሉ ወስኗል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም የምዝገባ ግዴታ አይደለም፤ ቅጹ ላይ ቦታው ቢኖርም ባዶ መተው ይቻላል። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ምዝገባውም ዓመቱን በሙሉ ክፍት ነው፤ ጥር ላይ የመጣ ልጅ እስከ መስከረም አይጠብቅም።

ታዲያ ብዙ ቤተሰብ ለምን ይጉላላል? አብዛኛውን ጊዜ የሚያጓትቱት ከአገር ቤት ይዘናቸው የምንመጣቸው ነገሮች ናቸው፦ የዘመን አቆጣጠራችን፣ የስም አወጣጣችን፣ የክትባት ካርዳችንና በዘመድ ቤት መጠጋታችን። የአሜሪካ የምዝገባ ሠራተኛ እነዚህን ነገሮች ካላወቀ ልጁ ጥያቄ ያስነሳበታል። ስለዚህ ይህ መመሪያ በእነዚህ ላይ ይረዝማል፤ ሌላውን በአጭሩ ያልፈዋል። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ነው። ሲያትል፣ ዴንቨር ወይም ዳላስ ላለ ሰው ቁጥሮቹ ይለያዩ ይሆናል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ከአገር ከመነሳትዎ በፊት

በእጅ ሻንጣ የሚያዙት ሰነዶች እነዚህ ናቸው፦ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተሰጠ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርቱ፣ የክትባት ካርዱ፣ ያለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት የውጤት ካርዶች፣ ከትምህርት ቤቱ የተጻፈ መሸኛ፣ ልጁ 9ኛ ክፍልን ያለፈ ከሆነ ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ትራንስክሪፕት። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ የተጻፈው ሁሉ በሕጋዊ የትርጉም ቤት ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ዋናው ከትርጉሙ ጋር አብሮ ይያዝ። የሁሉንም ፎቶ በስልክዎ ያስቀምጡ። አገር ቤት አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ፣ ከዚህ ሆኖ በዘመድ በኩል ሲላክ ወራት ይወስዳል፤ በተለይ ትራንስክሪፕት።

አሁን ወደ ዘመን አቆጣጠሩ። የልጁ የክትባት ካርድ ላይ የተወለደበት ቀን «5/5/2010» ተብሎ ተጽፏል እንበል። እኛ ጥር 5 ቀን 2010 ብለን እናነበዋለን፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ማለት ነው። የአሜሪካ ነርስ ግን ሜይ 5 ቀን 2010 ብላ ታነበዋለች። በዚህ አንድ መስመር ልጁ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ አረጀ፤ ክትባቶቹም ሁሉ ከመወለዱ በፊት ወይም በተሳሳተ ዕድሜ የተሰጡ መሰሉ። በጳጉሜን የተወለደ ልጅ ደግሞ ወሩ 13 ስለሆነ ኮምፒውተሩ ወይ አይቀበለውም ወይ 13ን እንደ ቀን ያነበዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀን፣ የልደቱም የክትባቱም፣ በትርጉሙ ላይ ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተቀይሮ፣ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ። «ጃንዋሪ 13፣ 2018» የሚለውን ማንም አያምታታውም። ትርጉም ቤቶች አንዳንዴ ልደቱን ቀይረው የክትባቱን ቀኖች እንዳሉ ይተዋሉ፤ ከመክፈልዎ በፊት አንድ በአንድ ያረጋግጡ። ፓስፖርቱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና የክትባት ካርዱ ሦስት የተለያየ ቀን የሚያሳዩ ከሆነ እዚያው አገር ቤት ሳሉ ያስተካክሉ።

ስሙም እንዲሁ ነው። አባት ዳዊት ከበደ ወልዴ፣ እናት ሰላማዊት ተፈራ ሞላ፣ ልጅ ናሆም ዳዊት ከበደ ቢባሉ፣ በአሜሪካ ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስማቸው ወልዴ፣ ሞላ እና ከበደ ሆኖ ይመጣል። ሦስት ሰው፣ ሦስት የቤተሰብ ስም። የምዝገባ ሠራተኛው «በእርግጥ ልጅዎ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይቆጡ፤ የሁለቱም ወላጆች ስም ያለበትን የልደት ምስክር ወረቀት ያሳዩና የእያንዳንዱ ሰው ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም መሆኑን ይንገሩ። ፈጽሞ የማይደረገው ነገር ለማቅለል ተብሎ ልጁን በአባቱ የመጨረሻ ስም ማስመዝገብ ነው። ትምህርት ቤቱ የመዘገበው ስም እስከ ዲፕሎማው ድረስ ይከተለዋል፤ ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ ጣጣው በኋላ በኮሌጅና በሥራ ፍለጋ ይመጣል። አንዳንዱ ቪዛ ላይ ደግሞ ሙሉ ስሙ በቤተሰብ ስም ቦታ ተጠቅልሎ በመጀመሪያ ስም ቦታ «ኤፍኤንዩ» የሚል ምህፃረ ቃል ይሰፍራል፤ የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም ለማለት ነው። በዚህ የተነሳ በክፍሉ ውስጥ «ፍኑ» እየተባለ ስሙ የሚጠራ ልጅ አለ። ሲያስመዘግቡ የሚጠራበት ስም ለብቻው እንዲያዝለት ይጠይቁ፤ ሥርዓቱ ይፈቅዳል።

ትምህርት ቤትዎ የትኛው እንደሆነ ይወቁ

በአሜሪካ ትምህርት ቤትን የሚወስነው የመኖሪያ አድራሻ ነው። እያንዳንዱ ቤት በአንድ የትምህርት ዲስትሪክት ሥር ይወድቃል፤ በዲስትሪክቱም ውስጥ የተመደበለት የአንደኛ ደረጃ፣ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለው። በዲስትሪክቱ ድረ ገጽ ላይ የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ሲያስገቡ ሦስቱም ይወጣሉ።

እዚህ ላይ አዲስ መጪዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። የፖስታ አድራሻው ላይ ያለው የከተማ ስም ዲስትሪክቱን አይነግርዎትም። ቨርጂኒያ ውስጥ አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ብዙ ቤት በእውነቱ የሚገኘው በፌርፋክስ ካውንቲ (ከከተማው የተለየ የአስተዳደር አካባቢ) ነው፤ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ትምህርት ቤቶች አይቀበሉትም። «ፎልስ ቸርች» የሚልም እንዲሁ፤ ከተማዋ የራሷ ትንሽ ዲስትሪክት አላት፤ በዙሪያዋ ያለው አብዛኛው ሰፈር ግን የፌርፋክስ ነው። ስለዚህ በስሙ ሳይሆን በድረ ገጹ መፈለጊያ ይመሩ።

ከውጭ አገር የመጣ ልጅ በአንዳንድ ቦታ በቀጥታ ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት አይሄድም። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለምሳሌ ለዚሁ ሥራ የተለየ የዓለም አቀፍ ቅበላና ምዝገባ ቢሮ አለው፤ ቀጠሮ ይዘው መጀመሪያ እዚያ ይሄዳሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከኪንደርጋርተን (ከአንደኛ ክፍል በፊት ካለው ዓመት) እስከ 12ኛ ክፍል በሰፈርዎ ትምህርት ቤት የመመዝገብ መብት አለዎት፤ ዕጣ ውስጥ መግባት የሚያስፈልገው ከሰፈር ውጭ ላለ ትምህርት ቤት፣ በመንግሥት ገንዘብ ራሳቸውን ችለው ለሚተዳደሩት ለቻርተር ትምህርት ቤቶች፣ እንዲሁም የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናትን ለሚቀበሉት ክፍሎች ነው። የዕጣው ማመልከቻ ቀን የሚያልፈው በክረምቱ መጨረሻ፣ በፌብሩዋሪና በማርች አካባቢ ስለሆነ የትንንሾቹ ወላጆች ቶሎ ይጠይቁ።

ስልክ ሲደውሉ ወይም መስኮት ጋ ሲቆሙ «አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር ፕሊስ» ይበሉ። አስተርጓሚው በስልክ ይገናኛል፤ ክፍያ የለውም። ዲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ሞንትጎመሪና አሌክሳንድሪያም በአማርኛ የተዘጋጁ ቅጾችና መረጃዎች አሏቸው። እንግሊዝኛ የሚሞክር የ12 ዓመት ልጅ ካለዎት ደግሞ፣ እባክዎ እሱን አስተርጓሚ አያድርጉት። ስለ ራሱ ጤናና ውጤት የሚነገረውን እሱ ራሱ ሲተረጉም የሚዘለው ነገር አይጠፋም።

በዘመድ ቤት ለተጠጋ ቤተሰብ

ለምዝገባ የሚጠየቀው የመኖሪያ ማረጋገጫ ማለት በስምዎ የተፈረመ የኪራይ ውል፣ የንብረት ግብር ደረሰኝ ወይም የመብራትና የውኃ ሒሳብ ነው። በዲቪ የመጣ ቤተሰብ ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው በአጎት፣ በእህት ወይም በጓደኛ ቤት ነውና በስሙ ምንም የለውም። ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ አለ፤ የጋራ መኖሪያ ቅጽ ነው። የቤቱ ባለቤት ወይም ተከራይ «እነዚህ ሰዎች ከእኔ ጋር ይኖራሉ» ብሎ ይፈርማል፤ ብዙ ቦታ ፊርማን በሕግ በሚያረጋግጥ ሰው (ኖተሪ) ፊት። የራሱን የኪራይ ውል ወይም የግብር ደረሰኝ ያያይዛል። እርስዎም በዚያ አድራሻ የተላከልዎትን ደብዳቤ፣ ለምሳሌ ከባንክ ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ፣ ይጨምራሉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ ያስቸግራል። ተከራይ ዘመድ «አከራዬ ካወቀ ያስወጣኛል» ብሎ ሊሰጋ ይችላል። ገና ከመምጣትዎ በፊት በግልጽ ቢነጋገሩበት ይሻላል፤ ፊርማው የሚጠየቅበት ቀን ላይ መነጋገር ለሁለቱም ከባድ ነው።

ማወቅ ያለብዎት ሌላም ሕግ አለ። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የማኪኒ ቬንቶ ሕግ፣ ቤት በማጣት ወይም በገንዘብ ችግር ምክንያት በሌላ ሰው ቤት ተጠግተው የሚኖሩ ልጆችንም ይመለከታል። በዚህ ሥር የሚወድቅ ልጅ የአድራሻ ማረጋገጫ፣ የክትባት ካርድም ሆነ የትምህርት ማስረጃ ባይኖረው እንኳ ወዲያውኑ ተመዝግቦ ትምህርት መጀመር አለበት፤ ወረቀቱ በኋላ ይሟላል። ምሳም በነፃ ያገኛል። በየዲስትሪክቱ ይህን ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ መመደብ ግዴታ ነው። «ቤት አልባ» በሚለው መዝገብ መጠራትን ብዙ ወገኖቻችን እንደ ውርደት ያዩታል፤ መዝገቡን ግን ጎረቤት አያየውም። በዘመድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አራት ሆናችሁ የምታድሩ ከሆነ ጠይቁ።

የማይኖሩበትን አድራሻ መጠቀም ግን አደጋ አለው። «የእነ እገሌ ሰፈር ትምህርት ቤት የተሻለ ነው» ተብሎ በሐሰት አድራሻ መመዝገብ በተለይ ዲሲ ውስጥ በዐቃቤ ሕግ ደረጃ ይከሰሳል፤ የልጁንም የትምህርት ወጪ ያስከፍላል።

ልጁ የመጣው ከወላጆቹ ጋር ካልሆነ

አክስቱ ዘንድ ሊማር የተላከ ልጅ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ለአሜሪካ ትምህርት ቤት ግን እጅግ ከባዱ ጉዳይ ይህ ነው። አገር ቤት የተሰጠ ውክልና ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው በፍርድ ቤት የተሰጠ ሞግዚትነት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በቃለ መሐላ ልጁን የሚያሳድግ ዘመድ ማስመዝገብ የሚችልበት መንገድ አለ፤ የሚሠራው ግን ወላጁ ሲሞት፣ በጠና ሲታመም፣ ሲታሰር ወይም ልጁን ጥሎ ሲሄድና በመሳሰለው ከባድ ችግር ጊዜ እንጂ «አሜሪካ ይማር» ለሚል ምክንያት አይደለም። ስለዚህ የሞግዚትነቱን ሂደት ልጁ አውሮፕላን ሳይሳፈር በፊት ከጠበቃ ጋር ይጀምሩ። በተማሪ ቪዛ የሚመጣ ልጅ ደግሞ ከዚህ መመሪያ ውጭ ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ12 ወር በላይ እንዳይማር ይገድበዋል፤ ሙሉ ወጪውንም ያስከፍለዋል።

ክትባት፦ ካርዱ ሙሉ ሆኖ ለምን «ይጎድላል» ይባላል?

አገር ቤት ክትባቱን አንድም ሳያስቀር የወሰደ ልጅ እዚህ ሲደርስ ይጎድለዋል ይባላል፤ ወላጅም ይናደዳል። ምክንያቱ ሁለቱ አገሮች የሚሰጡት ክትባት መለያየቱ ነው። በኢትዮጵያ መደበኛ መርሐ ግብር ሕፃን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ፔንታቫለንት ይወስዳል፤ በውስጡ የዲፍቴሪያ፣ የትክትክ፣ የመንጋጋ ቆልፍና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ስላለበት እነዚህ እዚህም ይቆጠሩለታል። የፖሊዮ ክትባት በመርፌ የተሰጠው ይቆጠራል፤ ከኤፕሪል 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአፍ የተሰጠው ጠብታ ግን አይቆጠርም። ዋናው ችግር ያለው ኩፍኝ ላይ ነው። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ይሰጣል፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ግን ከአንደኛ ዓመት ልደት በፊት የተሰጠውን አይቆጥሩም። በዚያ ላይ እዚህ የሚጠየቀው ኤምኤምአር ነው፤ ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን በአንድ የያዘ፣ ሁለት ጊዜ የሚሰጥ። ቫሪሴላ የሚባለው የጉድፍ ክትባትም በአገር ቤት መደበኛ መርሐ ግብር ውስጥ የለም፤ ሜሪላንድ ኪንደርጋርተን ለሚገባ ልጅ ሁለት ጊዜ ትጠይቃለች። 7ኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ የቴታነስ ማጠናከሪያና የማጅራት ገትር ክትባት ይጨመራል።

ለቪዛ የጤና ምርመራ ሲያደርጉ የተሰጡ ክትባቶች አሉ፤ የእነዚያን ሰነድ ቅጂ ጠይቀው ይያዙ። ብዙ ሰው ፖስታው ውስጥ ታሽጎ ተላልፏል ብሎ ይተወዋል፤ ልጁም ያንኑ ክትባት ደግሞ ይወጋል። ካርዱ ጠፍቶ ከሆነ ዶክተሩ እንደ አዲስ መጀመር ይችላል፤ መደገሙ ጉዳት የለውም። ለአንዳንዶቹ በደም ምርመራ መከላከያ መኖሩን ማሳየትም ይቻላል።

ሁሉም ሳይሟላ ትምህርት መጀመር ይቻላል ወይ? ይቻላል። ሜሪላንድ በ20 ቀናት ውስጥ የተያዘ የክትባት ቀጠሮ ማስረጃ ካሳዩ ልጁን በጊዜያዊነት ታስገባለች። ቨርጂኒያ ከሚያስፈልጉት ክትባቶች ከእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለወሰደና ለቀሪው የጊዜ ሰሌዳ ላለው ልጅ 90 ቀን ትሰጣለች። ኤምኤምአርና ቫሪሴላ ወይ በአንድ ቀን ወይ ቢያንስ 28 ቀን ተራርቀው ነው የሚሰጡት፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለቱንም አብረው እንዲሰጡ ይጠይቁ፤ አንድ ወር ያተርፋሉ። ዋጋው አያስጨንቅዎት፤ የጤና መድን የሌለው ወይም ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ያለው ከ19 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ክትባቱን የሚያገኝበት የፌዴራል ፕሮግራም አለ፤ የካውንቲው ጤና መምሪያ ይሰጣል።

አንድ ነገር ስለ ቲቢ። ብዙ ዲስትሪክቶች ከውጭ የመጣን ልጅ የቲቢ ምርመራ ይጠይቁታል። በኢትዮጵያ የተወለደ ልጅ ሲወለድ ቢሲጂ የተባለውን የቲቢ ክትባት ስለሚከተብ፣ ክንድ ላይ የሚወጋው የቆዳ ምርመራ በሽታው ሳይኖር አብጦ ሊታይ ይችላል። ከዚያ በኋላ ኤክስሬይና መመላለስ ይከተላል። ገና ሲጀመር ቢሲጂ መከተቡን ይንገሩና በደም የሚደረገውን ምርመራ ይጠይቁ።

የምዝገባው ዕለት

ከተቻለ ልጁን ይዘው ይሂዱ፤ የቋንቋ ፈተናው ያኑ ዕለት ሊሆን ይችላል። ጁላይ መጨረሻና ኦገስት ላይ ሰው ይበዛል፤ በጁን የገባ ቤተሰብ ትምህርት ቤት ተዘግቷል ብሎ ባይቀመጥ ጥሩ ነው፤ የምዝገባ ቢሮዎች በበጋው ዕረፍትም ይሠራሉ።

ከሚሞሉት ቅጾች አንዱ የቤት ውስጥ ቋንቋ መጠይቅ ነው። ልጁ መጀመሪያ የተማረው፣ አዘውትሮ የሚናገረውና ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል። አንዳንድ ወላጅ ልጁ «ዝቅተኛ ክፍል» ይገባል ብሎ በመፍራት «እንግሊዝኛ» ብሎ ይሞላል። ይህ ልጁን ከሚገባው ድጋፍ ማስቀረት ነው። መጠይቁ ልጁን ዝቅ አያደርገውም፤ የእንግሊዝኛ ፈተና እንዲሰጠው ብቻ ነው የሚያደርገው። ዲሲም ሜሪላንድም ቨርጂኒያም «ዊዳ» የሚባለውን ፈተና ይጠቀማሉ፤ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍን ከ1 እስከ 6 ባለው መለኪያ ይለካል። የግል ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ፈተናውን አልፎ ድጋፍ ላያስፈልገው ይችላል፤ ያም መልካም ነው። የሚያስፈልገው ከሆነ ቀኑን ሙሉ ተለይቶ አይቀመጥም፤ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር እየተማረ የተወሰነ ሰዓት ከእንግሊዝኛ መምህር ጋር ያሳልፋል። ውጤቱን በደብዳቤ ያሳውቁዎታል፤ ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ለተመደበ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ። ድጋፉን አልፈልግም ማለት መብትዎ ነው፤ እኔ ግን አልመክርም፤ ዓመታዊው ፈተና እንደሆነ አይቀርለትም።

የክፍል ምደባው ሌላ ድንጋጤ ያመጣል። ከ8ኛ ክፍል በታች ምደባው በዋናነት በዕድሜ ነው። ልጁ 5 ዓመት ሲሞላው ኪንደርጋርተን፣ በ6 አንደኛ፣ በ7 ሁለተኛ ክፍል ይገባል። አገር ቤት አንደኛ ክፍል የሚጀመረው በ7 ዓመት ስለሆነ አራተኛ ክፍልን የጨረሰ የ11 ዓመት ልጅ እዚህ ስድስተኛ ሊገባ ይችላል። «አምስተኛን ዘለለ» ብለው አይሟገቱ፤ ከእኩዮቹ ጋር መሆኑ ለቋንቋውም ለልቡም ይበጀዋል። ቀኑ የሚቆረጥበት ግን በየግዛቱ ይለያል። ጳጉሜን 3 ቀን 2012 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2020 ተወልዳለች። ቨርጂኒያና ዲሲ እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት የሚሞላውን ስለሚቀበሉ በ2025 መኸር ኪንደርጋርተን ትገባለች፤ ሜሪላንድ በሴፕቴምበር 1 ስለምትቆርጥ ግን አንድ ዓመት ትጠብቃለች።

አገር ቤት የመስማት፣ የመናገር ወይም የመማር ችግር የታየበት ልጅ ከሆነ አይደብቁ። በጽሑፍ ምርመራ ይጠይቁ፤ ምርመራውም ድጋፉም ነፃ ነው። እንግሊዝኛ አለማወቅ ብቻውን ግን የመማር ችግር አይደለም፤ ልጁ በአማርኛ እንዴት እንደነበር ለመርማሪዎቹ ይንገሩ።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፦ ክሬዲት

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከ9ኛ ክፍል በላይ የሆነው ልጅ ነው። እዚህ ዲፕሎማ የሚገኘው በክሬዲት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ያለፉት ትምህርት በሚሰጥ ነጥብ፣ ክምችት ነው፦ ቨርጂኒያ ለመደበኛ ዲፕሎማ 22፣ ዲሲ 24፣ ሜሪላንድ ቢያንስ 21 ይጠይቃሉ። ሜሪላንድ በዚህ ላይ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓት ትጨምራለች፤ ዘግይቶ ለመጣ ተማሪ ይቀነስለታል። አገር ቤት 9ኛ እና 10ኛን የጨረሰ ልጅ ትራንስክሪፕት ይዞ ካልመጣ ዜሮ ክሬዲት ይዞ ከ9ኛ እንደ አዲስ ይጀምራል። በ17 ዓመቱ ይህ ቢደርስበት ምን እንደሚሰማው ለማንም ግልጽ ነው።

ትራንስክሪፕቱ ቢኖርም ሁለት ነገሮች ያጎድሉታል። አንደኛው የነጥብ አሰጣጡ ነው። በእኛ 50 ማለፊያ ነው፤ 65 ያመጣ ልጅ ደህና ነው። እዚህ 65 «ዲ» ነው፤ ከዚያ ወርዶ ከ60 በታች ደግሞ በአብዛኛው መውደቅ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የነጥብ አሰጣጥ ማብራሪያውን በእንግሊዝኛ በማኅተም እንዲያያይዝ ይጠይቁ፤ ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣም ይጻፍ፤ «ከ60 ተማሪ 3ኛ» የሚለውን የትምህርት ቤቱ አማካሪ (ካውንስለሩ) ወዲያው ይረዳዋል። ሁለተኛው ሒሳብ ነው። እኛ ዘንድ አልጀብራውም ጂኦሜትሪውም በአንድ «ሒሳብ» ውስጥ ነው፤ እዚህ አልጀብራ አንድ፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ ሁለት ተብሎ ይከፈላል። ካውንስለሩ «ሒሳብ 9» የሚለውን የትኛው ውስጥ እንደሚያስገባ ግራ ይገባዋል። የመጽሐፉን የማውጫ ገጽ ፎቶ ያሳዩት፤ ወይም ልጁ የምደባ ፈተና ይሰጠው ይበሉ። የሚችለውን አልጀብራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲደግም ከመቀመጥ ያድነዋል።

የአማርኛ ትምህርቱም እንዳይባክን። ብዙ ዲስትሪክቶች ለውጭ ቋንቋ ክሬዲት ይሰጣሉ፤ ፌርፋክስን የመሳሰሉት አማርኛን በፈተና መዝነው ይቀበላሉ። ይጠይቁ፤ ካልተጠየቀ ብዙ ጊዜ አይነሳም። የአሜሪካ ታሪክና መንግሥት ግን ማንም ቢሆን እዚሁ ይማራል።

«18 ሞላው፤ ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አይቀበለውም» የሚለውም ስህተት ነው። ሜሪላንድ እስከ 21 ዓመት ትቀበላለች። ቨርጂኒያ ከ12 ዓመቱ በኋላ መጥቶ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነን ልጅ እስከ 22 ልትቀበል ትችላለች። ትምህርቱ ለተቋረጠበት ወጣት የተለዩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሞንትጎመሪ ሜትስ የሚባል አለው፤ የአሌክሳንድሪያ ሲቲ ሁለተኛ ደረጃ ዓለም አቀፍ አካዳሚ አለው፤ ሲያትል ውስጥ ደግሞ ሲያትል ወርልድ ስኩል አለ። ቶሎ ሥራ ይጀምር ተብሎ ዲፕሎማውን ወደሚተካው ፈተና ወደ ጂኢዲ የሚገፋ ወላጅ ቢያንስ ከካውንስለር ጋር ቁጭ ብሎ ስንት ክሬዲት እንደቀረው ይቁጠር።

ቢመልስዎት

«ይህ ካልተሟላ አንመዘግብም» ከተባሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የተናገረውን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ፤ ከዚያ ወደ ዲስትሪክቱ ዋና ቢሮ ይደውሉ። መስኮት ላይ ያለ ሠራተኛ የማያውቀውን ደንብ ዋናው ቢሮ ብዙ ጊዜ ያውቀዋል። ካልሆነ በየካውንቲው በነፃ የሚያግዙ የሕግ ድጋፍ ድርጅቶች አሉ።

ከተመዘገበ በኋላ

የአደጋ ጊዜ ካርዱ ላይ ልጁን ሊወስዱ የሚችሉ ሰዎችን ስም ይሙሉ፤ ስሙ ያልሰፈረ አጎት ቢመጣ አይሰጡትም። ቢጫው አውቶቡስ በርቀት ነው፤ ሞንትጎመሪ ውስጥ ለአንደኛ ደረጃ ከ1 ማይል፣ ለመካከለኛ ከ1.5፣ ለሁለተኛ ደረጃ ከ2 ማይል በላይ ለሚኖሩ ነው። ዲሲ የሚኖር ልጅ የከተማውን አውቶቡስና ባቡር በነፃ የሚሳፈርበት ካርድ ያወጣል። የምሳ ቅጹን ገቢዎ ምንም ያህል ቢሆን ሞልተው ይመልሱ። ለልጁ የሚሰጥ መድኃኒት ካለ፣ ራስ ምታት ማስታገሻ እንኳ ቢሆን፣ በዶክተር ፊርማ ለነርሷ ይሰጣል እንጂ በቦርሳው አይላክም።

በጾም ሰሞን ልጁ ሥጋና ወተት የማይበላ ከሆነ ወይም የአሳማ ሥጋ የማይነካ ከሆነ ለካፌቴሪያው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ወተቱን አልወስድም ማለት ይችላል። ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ የፈረንጆቹ ዕረፍት አልቆ ትምህርት የተጀመረበት ሳምንት ላይ ይውላል። ጥምቀትና ሁለቱ ዒዶችም እንዲሁ የትምህርት ቀን ላይ ሊውሉ ይችላሉ። ለሃይማኖታዊ በዓል መቅረት የተፈቀደ ነው፤ ግን ወላጅ አስቀድሞ ካልጻፈ ያለ ምክንያት እንደቀረ ይመዘገባል። ሁለት መስመር በኢሜይል ይበቃል፦ የልጁ ስም፣ ቀኑ፣ የበዓሉ ስም።